ማርሚታውን ማን በላው?

ሰኞ

ወደቀ! ማርሚታው ወደቀ! ገና ከፍኖተ ሰላም መውጫ ሳትደርስ፣ ሰው ሞልታ፣ ሚኒባሷ ከሥሯ ቋ አለችና ድምፅ ማፈኛዋ ከነጭስ ማውጫው አስፋልት ላይ ተጎተተ። መንገድ ተዘግቶ ወራት ቆማ ከርማ ዛሬ የመጀመሪያ ምልልሷ ነበር። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወርዶ በሌላ መኪና ሄደ። ጌታሰው በሽቦ አስሮ መለሳት። ግቢ ስትገባ ወፍጮ የተተከለ ነው የሚመስለው፤ ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ አየኝ።

ጌታሰው ሾፌሬ ነው። ባሌ ክርስትና ያነሳው ልጅም ነው፤ እናቱ የሻረግ አበልጄ ናት። "እቴቴ፣ ዝገት በልቶታል" አለኝ። ዝገት! አምና ከፋሲካ በኋላ ቡሬ ድረስ ሄጄ ያስገጠምኩት አዲስ ማርሚታ! ነፍሱን ይማረውና ባሌ ያስገጠመው የፊተኛው ማርሚታ እኮ ባሌን ቀብሮ፣ ተዝካሩን አይቶ፣ ከዚያም ወዲህ ስንት ክረምት ተሻግሯል። ይኼኛው ዓመት እንኳ አልደፈነም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ያሰብኩትን ልጻፈው።

አንደኛ፦ የገጠመው የቡሬ በያጅ አሮጌ ማርሚታ ቀለም ቀብቶ ገጥሞልኛል።
ሁለተኛ፦ ጌታሰው አዲሱን ሸጦ የወዳደቀ ገጥሞባታል። ባሌስትራ ተሰበረ ብሎ ቡሬ አሳድሯት አልነበር?
ሦስተኛ፦ ሁለቱ ተመሳጥረዋል።

ሦስተኛው ነው የሚብስብኝ።

ማክሰኞ

ማንም የማያውቀውን ነገር እዚህ ልጻፍ። አምና ማርሚታው ተገጥሞ ሲያበቃ በያጁም ጌታሰውም ምሳ ሊበሉ ወጡ። እኔ ጠግቤያለሁ ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ሞረድ አነሳሁና ከመኪናዋ ሥር ገብቼ፣ ማንጠልጠያው አጠገብ ሦስት መስቀል ፋቅሁበት። ለዋጭ ቢለውጠው ይታወቃል ብዬ ነው። ቀሚሴ በግራሶ ተበላሸ እንጂ ልቤስ ዐርፎ ነበር።

ዛሬ ጆንያ አንጥፌ እንደገና ከሥሯ ገባሁ። በባትሪ አየሁ፣ በጣቴ ዳሰስኩ። ዝገት ብቻ! መስቀል የሚባል የለም። ተለውጧል! እሰይ፣ እንኳንም ምልክት አደረግሁ!

ለጌታሰው የመስቀሉን ነገር አልነገርኩትም። ማርሚታውን ፈትተህ ስጠኝ አልኩት። "ምን ያደርግልዎታል እቴቴ? ለቁራሌው ነው እንጂ" አለ። ለቁራሌው! ማስረጃውን ሊያጠፋብኝ! ተቀብዬ ዕቃ ቤት አጋደምኩትና ቁልፍ ከረቸምኩበት።

እኔ ለዚህች መኪና ያላደረግሁት ምን አለ? ቆማ በከረመችባቸው ወራት ቁልፏን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የተኛሁት። ጠዋት ጠዋት ከጸሎቴ ቀጥሎ፣ ማታም በሬን ከመዝጋቴ በፊት፣ እኔው አስነስቼ ድምጿን አዳምጣለሁ። የተነካ ዕቃ ካለ በድምጿ ይታወቃል። ትንሽ ሰማ አደርግና ወዲያው አጠፋታለሁ፤ ነዳጅ እንደሆነ እንደ ጠበል ተሰልፈው የሚያገኙት ነገር ሆኗል። ስትነሳ ከጭስ ማውጫዋ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ላቧ ነው እላለሁ፤ የሚያልበው ጤነኛ ነው።

እንዲህ አድርጌ ጠብቄያት ነው እንግዲህ የተሰረቅሁት።

ረቡዕ

በሰው ሚኒባስ ቡሬ ሄጄ መጣሁ። ያስገጠምኩበት በያጅ አስማማው ይባላል፤ ለስላሳ ሰው ነው። ለስላሳ ሰው ደግሞ አልወድም።

ገና ስገባ "ጌታሰው ደህና ነው?" አለኝ። ልብ በይ! እኔን ሳይሆን እሱን ነው የጠየቀው። ግድግዳው ላይ ሦስት አራት ማርሚታ ተንጠልጥሏል፤ አንደኛው ቁርጥ የእኔን ይመስላል። ቀረብ ብዬ መስቀሌን ፈለግሁ። እያየኝ ነበር መሰለኝ፣ "የጠፋብዎት ነገር አለ እንዴ?" አለ።

ለመሆኑ ማርሚታ ስንት ዘመን ይቆያል አልኩት፣ የማላውቅ መስዬ። "እንደ አያያዙ ነው። መኪናዋ ከሠራች ብዙ ዓመት ይቆያል። ከቆመች ግን እግዜር ይወቅ" አለኝ። ድንቄም! ሲሠሩበት የማያልቅ ቆሞ ያልቃል እንዴ? ጫማዬን አልጋ ሥር ባስቀምጠው ያልቃል? ሊያስረዳኝ አፉን ሲከፍት ትቼው ወጣሁ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው።

አሁን ሦስተኛው ነው። ተመሳጥረዋል።

ሐሙስ

ጌታሰው ይማልልኝ። ቆረጥኩ።

መጀመሪያ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባ ሰሙኝና፣ "መማሉስ ቀላል ነው፤ ካስማሉት ሰው ጋር ማዕድ መቁረሱ ነው የሚከብደው" አሉ። ይማልልኝ አባ አልኳቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዲሆን ተስማማን።

ከዚያ በእግሬ ወደ የሻረግ ወረድኩ፤ ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ከማሳው ዳር ነው። ገብስ እያበጠረች ነበር። ነገሩን ስነግራት ሰፌዱን አስቀመጠችው። ጭቅጭቅ ጠብቄ ነበር፤ ተዘጋጅቼም ነበር። አልተጨቃጨቀችም።

"የክርስትና ልጅዎ ነው አበልጄ። ያስምሉታ" አለችኝ።

ስነሳ ከመቀመጫዋ አልተነቃነቀችም። ስንት ዘመን ስንጠያየቅ ጅረቷን ሳታሻግረኝ የተመለሰችበት ቀን የለም፤ ዛሬ ደጃፉ ድረስ እንኳ አልሸኘችኝም። ብቻዬን ስሻገር እግሬ ውሃ ውስጥ ገባ። ንድድ አለኝ! ልጇ ሰርቆ እኔ ልቅለል?

ዓርብ

ጌታሰው ሳልጠራው መጣ። ሚኒባሷን ጠረገ፣ የወንበሩን ልብስ አራገፈ፣ ጎማዋን አጠበ። ቀና ብሎ አላየኝም። ሥራ የሌላት መኪና ምን ያስጠርጋል? ዕቃውን ሊሰበስብ ይሆናል ብዬ በመስኮት ስጠብቀው ዋልኩ። አንዲት ብሎን አልወሰደም።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ። "እምላለሁ እቴቴ። ግን ከማልኩ ወዲያ መኪናዎን አልነካም" አለኝ። ማስፈራራቱ ነው? ከእሱ ሌላ ሾፌር የጠፋ መሰለው? ሂድ አልኩት።

ከሄደ በኋላ ምሳዬን ሳልጨርስ መሶቡን ከደንኩት። ልጅ ሳለ ጥርሱ የወለቀ ቀን ጣሪያዬ ላይ ካልወረወርኩ ብሎ ከእናቱ ቤት እስከዚህ እያለቀሰ መጥቶ ነበር። ይኼ ለምን ዛሬ ትዝ እንዳለኝ አላውቅም።

ከሰዓት ጤፍ መጣልኝ። ቦታ እንዲለቅ ብዬ ማርሚታውን አቁሜ ጆንያው ላይ አስደገፍኩት።

ቅዳሜ

የማየው ነገር ምነው ባልሆነ።

ጠዋት ዕቃ ቤት ስከፍት የጤፉ ጆንያ ግርጌው ርሷል። ሰው ገብቶ ውሃ ደፋብኝ ብዬ መጀመሪያ ቁልፉን አየሁ። ደህና ነው። ጣሪያውን አየሁ። ደረቅ በጋ ነው፣ ምን ያፈሳል? ውሃው ቡና መስሏል፤ ሲሸቱት ጭስ ጭስ ይላል። ማርሚታውን አንስቼ ዘቅዘቅ ባደርገው ከሆዱ ተንቦጫረቀ። ከዚያ በየቀዳዳው ፈሰሰ፣ ከውሃው ጋር የዝገት ቅርፊት እየተገመሰ ወለሉን ሞላው።

ማንም ያላጠበው ብረት ይህን ሁሉ ውሃ ከየት አመጣው? ቁጭ አልኩ። ላቧ ነው ያልኩት ትዝ አለኝ።

ጨርቅ አርሼ ማንጠልጠያው አጠገብ ፈተግሁት። ዝገቱ ሲለቅ አንድ መስቀል ወጣ። ቀጥሎ ሁለተኛው። የሦስተኛው ግማሹ ተበልቷል። የእኔው እጅ ነው፤ አንደኛውን ያኔም አጣምሜው ነበር።

ለአስማማው ደወልኩ። ስሜን ሳልጠራ፣ ቆማ የከረመችን መኪና ጠዋትና ማታ ለትንሽ ጊዜ ቢያስነሷት ምን ትሆናለች አልኩት። "ሳትሞቅ ካጠፏት ውሃው አይደርቅም። ማርሚታው ሆድ ውስጥ ተኝቶ ከውስጥ ይበላዋል። ማን ነው እንዲህ የሚያደርጋት እቴቴ?" አለኝ። ለካ አውቆኛል። ኔትወርኩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁት።

እዚህ እውነቱን ካልጻፍኩ የት ልጽፍ ነው? ማርሚታውን ለቁራሌው ልስጠውና ዝም ልበል ብዬ አስቤያለሁ። ልጁ ንጹሕ ነው፣ ቢምልስ ምን ይሆናል? ይምላል፣ ይወጣለታል፣ የእኔንም ነገር ማንም አያውቅም። ይህን እያሰብኩ እስከ ምሳ ድረስ ቁጭ አልኩ። ከዚያ የሻረግ ከመቀመጫዋ አለመነሳቷ መጣብኝ።

እሑድ

ማርሚታውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ በባጃጅ ይዤው ሄድኩ። የባጃጁ ልጅ ሕፃን ያቀፍኩ መስሎት "ክርስትና ነው እንዴ?" አለኝ።

አባ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ጌታሰው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ጠበቀኝ። የሻረግ ከኋላው ናት፤ ሰላምታዬን በአንገቷ ብቻ መለሰች። አባ "በል ልጄ" ሲሉት እጁን ዘረጋ።

ተው አልኩ። እጅህን መልስ። ጋቢውን ፈትቼ ማርሚታውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። አልተለወጠም፣ ያው የራሴ ነው፣ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ አልኳቸው። ጠዋትና ማታ እያስነሳሁ ማጥፋቴን ሳልደብቅ ተናገርኩ። አባ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። የሻረግ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ተገላገልኩ አልኩ በሆዴ።

ጌታሰው ግን ጎንበስ ብሎ ማርሚታውን ያገላብጥ ነበር። ጣቱን መስቀሎቹ ላይ አሳለፈ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለኝ።

ምልክት ነው፤ እንዳይለወጥ ብዬ ነው አልኩት።

"መቼ ያደረጉት?"

ሲገጠም። ምሳ ስትሄዱ።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ ዓይኔን ሲያየኝ ይኼ የመጀመሪያው ነው። "ያኔ ምን አድርጌ ነበር እቴቴ?" አለኝ።

አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን የመኪናዋን ቁልፍ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም። ተቀበለኝ።

ሰኞ

ጠዋት እንደልማዴ እጄን ትራሴ ሥር ሰደድኩ። ባዶ ነው።

ጸሎቴን ሳልጨርስ የግቢው በር ተንኳኳ። ጌታሰው ነው። "እንደምን አደሩ" አለ። ሚኒባሷን አስነሳት። ያለ ማርሚታ ስትጮህ ዶሮዎቹ ሁሉ ተበታተኑ። ወዲያው ይወጣል ስል ቆመ፤ ሞተሯ እስኪሞቅ ድረስ፣ እኔም ደረጃው ላይ እሱም መሪው ላይ ጠበቅን። ከዚያ ይዟት ወጣ።

ወዴት ነው የሚል ቃል እስከ ጥርሴ መጣ። አስማማው ዘንድ ይሆናል። እናቱ ደጅ አቁሟት ቁልፉን በሰው ይልክልኝም ይሆናል። ድምጿ በቡሬ በኩል እየራቀ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁ።

አልጠየቅሁትም።