መኖሬን ላላመኑት የሕንፃችን አስተዳዳሪ

ለተከበሩ አቶ ግራንት ዌዘርቢ፣
የሕንፃችን ዋና አስተዳዳሪ፤
ብሮንክስ፣ ኒውዮርክ

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በጥሩ ጤንነት፣ በደንብ በሚሞቅም ክፍል ውስጥ እንድታገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኦቲሊያ ሩይባል፣ በሙሽርነቴ ከባለቤቴ ከኤፍራይን ጋር የገባሁበትን፣ የኪራይ ጭማሪው በሕግ የተገደበውን ቤት ውል እንዲያድሱልኝ ስጠባበቅ ላሳዩኝ ደግነት በአደባባይ ሳላመሰግንዎ ብቀር ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ጊዜዎን ለመሻማት ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጸጥታው አመሰግናለሁ። ሕንፃውን ከተረከቡ ወዲህ ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ አግባብተው ስላስወጡልኝ፣ ከጣሪያዬ በላይ ከበሮ የሚደበድቡት የሚርታ ልጆች የሉም። ፊት ለፊቴ ይኖሩ የነበሩት፣ ወጥ ባሳረርኩ ቁጥር በሬን እየደበደቡ «አንቺ ሴትዮ፣ ልታቃጥይን ነው እንዴ?» የሚሉኝ ሽማግሌው አደልማንም የሉም። ባለፈው የገና ሰሞን ባቄላውን ሆን ብዬ አሳርሬ፣ በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ጭሱ ወጥቶ እስኪያልቅ ቆምኩ። የተቆጣኝ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሰላም በዚህ ከተማ በቀላሉ የሚገኝ አይደለምና ውለታዎን አልረሳም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጭንቀትዎ አመሰግናለሁ። ሕጉ የማደሻ ቅጹን እንዲልኩልኝ፣ እኔም አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ብዬ መርጬ እንድፈርም ያዝዛል። እርስዎ ግን ከቅጹ ይልቅ በጠበቃዎ በኩል እኔ በቤቴ እንደማልኖር የሚገልጽ ማስታወቂያ ላኩልኝ። ምክንያቱም በኮሪደሩ ካሜራ እምብዛም አልታይም፤ እንግዳ አይመጣልኝም፤ የምፈጀው መብራትም ቤቱን ሰው ያለበት አያስመስለውም። እውነትዎን ነው። ለአንድ ሰው ከአንድ አምፖል በላይ ምን ያደርግለታል? ቤት ማለት ሰው የሚገባና የሚወጣበት ነው ካሉ፣ እኔ ከኤፍራይን ቀብር ስመለስ ነው ቤት መኖር ያቆምኩት።

በመጨረሻም ደግ ልብዎ አላስችል ብሎት፣ እዚያ መኖሬን የሚያውቅ ጎረቤት ካለ እንዳቀርብ ፈቀዱልኝ። ጎረቤቶቼን ራስዎ ማስወጣትዎን ዘንግተውት እንጂ ሊቀልዱብኝ እንዳልሆነ አምናለሁ። ቢሆንም ፈለግኩ። ፔንሲልቬኒያ የሄደችው የሚርታ ስልክ ሌላ ሰው ዘንድ ገብቷል። አደልማን ፍሎሪዳ ልጃቸው ቤት መሞታቸውን ከልጃቸው ከራሱ ሰማሁ፤ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ማስተዛዘኑም አሳፈረኝ። ላይ ቤት ለአጭር ጊዜ ያስገቧትን ባለሻንጣ ልጅ አንኳኩቼ ብጠይቃት፣ «ውይ፣ ይቅርታ እማማ፤ ታች ያለው ቤት ባዶ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ። ልጅቱ ጨዋ ናት፣ አልቀየምኳትም። ወደ ቤቴ ወርጄ ግን ኮቴን ሳላወልቅ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን እኔም ራሴ መጠራጠር ጀመርኩ፣ አቶ ዌዘርቢ።

ሦስተኛ፣ ከሁሉም በላይ፣ ነገሩ ቤቶች ችሎት ሲደርስ ስላቀረቡልኝ ምስክር አመሰግናለሁ። ሕንፃውን የሚጠግነው አልባኒያዊው ስኬንደር፣ ከተከራይ ጋር ወሬ እንዳያበዛ ስላዘዙት፣ ማሞቂያዬን ሲሠራ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ የሚወጣ ሰው ነበር። የእርስዎ ምስክር ሆኖ ሲቆም ሳይ እንዳለቀልኝ አወቅኩ።

ጠበቃዎ «ወደ ወይዘሮዋ ቤት ሰው ሲገባ አይተሃል?» ሲሉ ጠየቁት።

«አላየሁም።»

«እሳቸውስ ሲወጡ?»

«አልፎ አልፎ።»

«ቤቱ ባዶ ነው ማለት ነዋ!»

ስኬንደር ኮፍያውን በእጁ ያሻሽ ጀመር። «ባዶማ አይደለም ጌታዬ። እኔ እኮ ከእሳቸው ቤት ሥር ነው የምኖረው፤ ጣሪያዬ የእሳቸው ወለል ነው። ማታ ራት ሲደርስ ሁለት ወንበር ይጎተታል። ከዚያ ወይዘሮ ኦቲሊያ ባላቸውን ይቆጣሉ።»

«ባላቸው እኮ ሞተዋል!»

«አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ። ግን ይቆጧቸዋል። ‹ኤፍራይን፣ ቀዝቅዞ ልትበላው ነው?› ይላሉ። እንደገና ይቆጣሉ።»

ከኋላ የሳቀ ነበር። ዳኛዋ አልሳቁም። እኔ ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ፤ ለማንም ያልነገርኩትን ነገር መዝጋቢዋ በኮምፒውተሯ ስትጽፈው ሰማሁ። ያን ማታ ራት አቅርቤ ሁለተኛውን ወንበር እንዳይሰማ አንስቼ ያዝኩት። ትንሽ ቆሜ አሰብኩ። ለካስ ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው ይሰማኝ ኖሯል። ወንበሩን መልሼ አስቀመጥኩትና፣ እንደ ወትሮዬ፣ ጮክ አድርጌ ጎተትኩት።

ዳኛዋ ውሉ ለሁለት ዓመት እንዲታደስልኝ አዘዙ፤ እርስዎም በሚያምረው የእጅ ጽሑፍዎ ፈረሙልኝ። በሕይወት መኖሬን በመንግሥት ማኅተም ስላስረጋገጡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ክቡርነትዎ እርጅናዎን ጎረቤት በሞላበት ሕንፃ ውስጥ እንዲያሳልፉ ዘወትር የምጸልይልዎ፣ በሥራ ብዛት እንኳ ያልዘነጉኝ፣ ትሑት ተከራይዎ፣

ኦቲሊያ ሩይባል

ማስታወሻ፦ ከችሎቱ በኋላ በነበረው ሰኞ ስኬንደርን ከሥራም ከመኖሪያውም እንዳሰናበቱት ተረድቻለሁ። ሕጉ ብቻዋን የምትኖር ተከራይ አንድ ሰው አብሯት እንዲኖር ስለሚፈቅድላት፣ ከሐሙስ ጀምሮ ትንሿ ክፍል የእሱ መሆኗን በአክብሮት አሳውቃለሁ። በነገራችን ላይ የኩሽናችን ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀምሯል። ስኬንደር ድሮ ቢሆን በአፍታ ይጠግነው ነበር፤ አሁን ግን ተከራይ ነውና፣ እንደ ተከራይ ቁጭ ብሎ እርስዎን እየጠበቀ ነው።