የታሸገው ሳጥን ደህና ነው

ለተከበሩ የውኃ ደኅንነት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንዴት ከረማችሁ እያልኩ፣ በተለይ ሆድዎ አካባቢ ሰላም መሆኑን ለማወቅ ያለኝን ጉጉት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ስለ ሆድዎ ለምን እንደምጠይቅ ወደ መጨረሻው ይገባዎታል።

እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ከፍ ብሎ፣ በዚያው መንገድ ዳር ባለው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የምኖር፣ በቅርቡ ለአያትነት የበቃሁ ሴት ነኝ። ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ እስክትጠና ድረስ ከነባሏ እኔ ዘንድ ናት። ምድር ቤቱን የያዘችው ጎረቤቴ ላውንድሪ አላት፤ ልብስ ታጥባለች፣ የደበዘዘ ሱሪም ቀለም ትነክራለች። በሕንጻው መግቢያ ደግሞ የእናንተ የብረት ሳጥን አለ፤ በላዩ ላይ «የተመላሽ ውኃ መከላከያ መሣሪያ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሥራው የግፊት መቀነስ ሲያጋጥም ሕንጻው ውስጥ የገባ ውኃ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በር መዝጋት ነው ይላሉ። መሣሪያው በየዓመቱ በባለሙያ ይመረመራል፤ ምስጋናዬም ስለዚሁ ምርመራ ነው።

1ኛ፦ ስለ ተቆጣጣሪዎ ትጋት። የሕንጻችን ልጆች «ጋሽ ደህና ነው» የሚል ስም ያወጡላቸው እኚህ ሰው ቀን ሳያዛንፉ ይመጣሉ፣ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ እንዳይወጠር ሰብሰብ አድርገው ሳጥኑ ፊት ቁጢጥ ይላሉ፣ በሩ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለውን እሽግ በሁለት ጣታቸው ያገላብጡና «ደህና ነው» ብለው ይፈርማሉ። እኔ አላዋቂዋ አንድ ጊዜ «ወንድሜ፣ ውስጡንስ አያዩትም?» ብላቸው፣ በሐዘኔታ አይተውኝ፣ «እናቴ፣ ከከፈትኩትማ እሽጉ ተበጠሰ ማለት ነው፤ እሽጉ የተበጠሰ ሳጥን ደግሞ ደህና ነው ብዬ መፈረም አልችልም» አሉኝ። በዚህ ስሌት የእኔም ጓዳ ሳይከፈት እስከቆየ ድረስ ንጹሕ ነው ማለት ነው፤ ይህን ሳላውቅ ስንት ዘመን ሙሉ መጥረጊያ ይዤ ስጎብጥ ኖርኩ።

2ኛ፦ ስለ ሰማያዊው ውኃ። የመንገዱ ውኃ ሄዶ በተመለሰ ጠዋት፣ ልጄ ሕፃኗን ልታጥብ ሳፋ ስትሞላ ውኃው ልክ እንደ ተማሪ ደንብ ልብስ ሰማያዊ ሆኖ ወረደ። ጎረቤቴ የቀለሙን በርሜል የምትሞላበት ጎማ ጫፉ እዚያው ቀለሙ ውስጥ ቀርቶ፣ ግፊቱ ሲወርድ ቧንቧው እንደ ጡት ምጎት ኖሯል። ለመሥሪያ ቤትዎ ስናመለክት የተሰጠን መልስ እጅግ ልብ የሚያሳርፍ ነበር፤ እሽጉ ደህና ስለሆነ መሣሪያው ደህና ነው፣ መሣሪያው ደህና ስለሆነ ውኃ ሊመለስ አይችልም፣ ውኃ ካልተመለሰ ደግሞ ያየነው ሰማያዊ ነገር ሰማያዊ አይደለም። እኛም አምነን ለመቀበል ብዙ ደክመናል። ሳፋው ግን መመሪያ ስላላነበበ እስከ ዛሬ ሰማያዊ ነው።

3ኛ፦ ይህኛውን ስጽፍ ቀልዱ ይጠፋብኛልና ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሌላ ቀን እንዲሁ ውኃው ሄዶ ሲመለስ ኩልል ብሎ ወረደ። ልጄ ጡቷ አልበቃ ስላለ የዱቄት ወተት በጥብጣ ጡጦውን ወደ ሕፃኗ አፍ ስታስጠጋ በረኪና ሸተታት። ጎረቤቴ ያን ዕለት ነጭ አንሶላ ዘፍዝፋ ነበር። ቀለም ሲሆን እንኳ ይታያል፤ በረኪና ግን ውኃ መስሎ ነው የሚመጣው። ልጄ ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠን እንደነበር ማሰብ አልችልም፤ ፈርቼ ነበር፣ አሁንም እፈራለሁ። ጎረቤቴ ደንግጣ፣ አልቅሳ፣ ጎማውን ከበርሜሉ አውጥታ በሲባጎ ከግድግዳው ሚስማር ጋር አስራዋለች። እሷም ግን ሰው ናት፤ ሥራ ሲበዛባት ትፈታዋለች፣ ፈትታም ትረሳዋለች። የልጅ ልጄ ጤና ዛሬ ያለው በዚያች ሲባጎ ላይ ነው።

አራተኛውን ቁጥር ለአማቼ ትቼለታለሁ። ዝንብ እንኳ እሽ የማይለው ሰው የጡጦው ነገር ደሙን ቢያፈላው፣ ፒንሳ ይዞ ወርዶ እሽጉን በጠሰው። ሳጥኑ ሲከፈት እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ቧንቧ እንጂ መሣሪያ የሚባል ነገር የለም። ሳጥኑ ሲተከል የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን እንደሚያስታውሱት፣ ሠራተኞቻችሁ ያኔ መሣሪያው አልደረሰልንም ብለው ለጊዜው ቧንቧ ቀጠሉበት፤ ሳጥኑን ግን ባዶነቱ እንዳያሳፍር አሽገውት ሄዱ። ያ «ለጊዜው» እዚያው ዝጎ ጠበቀን። ጋሽ ደህና ነው ከዓመት ዓመት ሲመረምሩልን የኖሩት ባዶ ቦታ ነው፤ ባዶ ቦታ ደግሞ እውነትም አይበላሽም፣ ፊርማቸው ሐሰት ነው የሚል ካለ እኔ እከራከርላቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያየነውን ቅልጥፍና ግን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ለሰማያዊው ውኃ ያልመጣ ሰው፣ ለበረኪናው ያልመጣ ሰው፣ ለተበጠሰችው ሽቦ በማግስቱ በመኪና መጣ። ይዞት በመጣው ማስጠንቀቂያ መሠረት አማቼ በጽሑፍ ይቅርታ ካልጠየቀና ሳጥኑ እንደነበረው ተመልሶ ካልታሸገ የሕንጻው ውኃ ይቆረጣል። መሣሪያው የሚተከለውም ነዋሪውን ለመጠበቅ ሳይሆን የመንገዱን ቧንቧ ከነዋሪው ለመጠበቅ መሆኑን እግረ መንገዱን አስተምሮናል። ለትምህርቱ እግዜር ይስጥልን።

ክቡር ሆይ፣ አማቼ ይቅርታውን ይጽፋል፤ ካስፈለገ እኔም ከሥሩ እፈርማለሁ። ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ ከማሸግዎ በፊት የሚታሸግ ነገር ያስገቡበት። እስከዚያው ጡጦ በተበጠበጠ ቁጥር እኔ፣ ልጄና አማቼ በየተራ እናሸታለን። በእኛ ቤት የባለሙያ ምርመራ የሚባለው ይኸው ነው።

ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ሽቦዎም እንዳይዝግብዎ ዘወትር የምትመኝልዎ፣ ውለታዎን በየጡጦው የምታስታውስ፣ እጅግ የምታከብርዎ
የሁለተኛ ፎቅ አያት

ሳልረሳው፦ ከሕንጻችን ወደ ኋላ የሚመለሰው ውኃ ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው የእርስዎን መሥሪያ ቤት መሆኑን ያስተዋልነው ማስጠንቀቂያዎን ካነበብን በኋላ ነው። ሻይ የምታፈላልዎት ሴት እኛው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። የበረኪናው ዕለት ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት ብለው፣ «ብርጭቆውን ሳታለቀልቂ ነው ያመጣሽልኝ» ብለው በሠራተኛው ሁሉ ፊት መልሰውባት፣ እያለቀሰች ነበር ወደ ቤቷ የገባችው። ብርጭቆውን ደህና አድርጋ አለቅልቃዋለች፤ ያለቀለቀችበት ውኃ ነው ከእኛ ዘንድ የመጣው። እንግዲህ አማቼ ይቅርታውን ይዞ ሲመጣ፣ እርስዎም ለእሷ የሚገባትን ይቅርታ አዘጋጅተው ይጠብቁት።