«ኤክስፔክቲንግ» ያልኩት ለሥራው ነበር

ሰኞ

ዛሬም አልደወሉም። ቦዲቲ ላለው የሕፃናት ጤና ፕሮጀክት ከተፈተንኩ ወዲህ ስልኬን ከእጄ አላወርድም። ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ማስተማር ሰልችቶኛል፤ ጉሮሮዬ አልቋል። ይህ ሥራ ካለፈኝ ምን እንደምሆን አላውቅም። ከክፍል እንደወጣሁ ለፈረንጇ ኃላፊ መልእክት ላክሁ። አሁንም እየጠበቅኩ ነው ማለቴ ነበር። «ዌይቲንግ» የመናኸሪያ ቃል መሰለኝና ከበድ ያለውን መረጥኩ፦ «አይ አም ስቲል ኤክስፔክቲንግ።» አስተማሪ አይደለሁ!

ማክሰኞ

ምሳ ሰዓት ቤት እያለሁ ተደወለ። የስልኬ ድምፅ ተበላሽቶ በስፒከር ነው የማወራው።

«እንኳን ደስ ያለሽ!» አለ የቢሮው ሰውዬ። ሥራውን ያገኘሁ መስሎኝ ዘለልኩ። «እርጉዝ መሆንሽን ስለነገርሻት ኃላፊዋ አመስግናሻለች። ግን ሥራው ገጠር ለገጠር በሞተር ስለሆነ ለሌላ ሰው ብንሰጠው አይሻልም?»

«ኧረ አይደለም» ልል ስል ኔትወርኩ ሄደ።

ለዓይናቸው ሕክምና ከቤሌ መጥተው እኛ ዘንድ ያሉት አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ሁሉንም ሰምተዋል። እጃቸውን ዘርግተው «ተመስገን!» አሉ። ከልጃቸው ጋር ከተጋባን ስንት ዓመታችን፤ ስለ ልጅ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። አለመጠየቃቸው ነው የሚከብደኝ። ውሸት ነው ማለት አቃተኝ፤ ረፈደብኝ ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ

መዝገበ ቃላት አየሁ። ሴት ልጅ ምን እንደምትጠብቅ ሳትናገር «ኤክስፔክቲንግ ነኝ» ካለች አርግዣለሁ ማለቷ ነው። በእኛ ቋንቋ ሥራም ይጠበቃል፣ አውቶቡስም ይጠበቃል፣ በግም ይጠበቃል። በአንድ ቃል ተገላግለን የኖርን ሰዎች ነን። ቢሮው ስልክ አያነሳም።

ጾም ነው፤ አማቴ ግን የእኔን ቆጮ በቅቤ ለውሰው አቀረቡልኝ። «እርጉዝ አይጾምም» አሉ። የእኔ ወላይትኛ ይሰናከላል፣ የእሳቸው አማርኛ ሴትና ወንድ ይቀላቅላል፤ እንዲያው እንግባባለን። ጀሪካን ላነሳ ስል ጮኹብኝ፦ «ተው! አንተ ቁጭ በል!» ተቀምጬ በላሁ።

ባሌ ታምራት ሾፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነው። ደውዬ ነገርኩት። «አንቺው ንገሪያት» አለኝ። ጀግና!

ሐሙስ

የቢሮው ሰውዬ ዛሬ ስልኩን አነሳ። ሳስረዳው ስቆ ስቆ ሳል ያዘው። ኃላፊዋም ከበስተኋላ ስትስቅ ሰማኋት። ተነጋገሩ። ከዚያ «ሥራው ያንቺ ነው፤ ሰኞ ቦዲቲ ነይ፣ መጀመሪያ ሞተር ትለማመጃለሽ» አለኝ።

ተገላገልኩ ልል ነበር። ግን እርጉዝ ያሏት ምራታቸው ሞተር ላይ ስትወጣ አማቴ ዝም ብለው ያያሉ? መንገር አለብኝ። ዛሬ አልቻልኩም፤ ደክሞኛል።

አርብ

ቅቤ ሲያቀልጡ ደረስኩባቸው።

«እማማ፣ እኔም እጾማለሁ» አልኩ።

ድስቱን አወረዱት። ቃሉን፣ ሥራውን፣ ሞተሩን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። አላለቀሱም።

«እኔ እኮ መጠበቅ ከተውኩ ቆየ» አሉ። «የስልኩ ሰውዬ እርጉዝ ሲል ነው የደነገጥኩ።»

ይህን ሁሉ ዓመት እሳቸው ፊት ስሸማቀቅ ኖሬ፣ ለካ ከእኔ ምንም አይጠበቅም ነበር! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከፋኝ። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ቆይተው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ።

«ውሸት ቢሆንም ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ» አሉ። «አንተስ?»

«እኔም» አልኳቸው። እውነቴን ነው።