በሰም ለታሸገችው ዲስኬታችን የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለገቢ ዕቃዎች ይዘት መርማሪ ክፍል ኃላፊ፣ ለክቡር አቶ ወጋየሁ፤

ክቡርነትዎ ከነመነጽርዎ፣ ከነማኅተምዎ እንደምን ሰንብተዋል? እግዚአብሔር ጤናዎን፣ በተለይም የዐይንዎን ብርሃን ይጠብቅልን። እኛ ላፍቶ ያለነው ደኅና ነን፤ ማለትም እንጠብቃለን።

ጉዳዩን ላስታውስዎ። እህቴ ውዳሴ ለትምህርት በሄደችበት አገር ባለፈው ኅዳር አረፈች። ጓደኞቿ በመጨረሻው ወሯ የተቀረጸችበትን ሲዲ ላኩልን። በመሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተር ስከፍተው ድምፅዋ መጣ፤ መልኳ አልመጣም። ጥቁር መስኮት። ከጥቁሩ ውስጥ «እማዬ፣ አየሽኝ?» ትላለች። ምስሉን የሚፈታ ኮዴክ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም እንደጎደለ ተነገረኝ። ከተማውን ባስስ አጣሁት፤ ጓደኞቿ በዲስኬት አድርገው በፖስታ ላኩልኝ። እርስዎ ዘንድ ደረሰ። የእናቴ የወይዘሮ አምሳለ ዐይን ያኔ ገና መልክ ይለያል፤ ሐኪሙ ግን ከፋሲካ አያልፍም ብሎን ነበር። ይህንንም በማመልከቻዬ ጽፌልዎታለሁ።

ስለዚህ በቅደም ተከተል አመሰግናለሁ።

፩ኛ፦ ከውጭ የሚገባ ፊልም ሳይታይ አይለቀቅም በማለት በዲስኬቱ ውስጥ ያለውን ፊልም እንዳሳይ ስላዘዙኝ፤ ፊልም እንደሌለበት፣ የፊልም መፍቻ ብቻ እንደሆነ ሳስረዳም በትዕግሥት አዳምጠው፣ እንግዲያው የሚፈታውን ፊልም እንዳመጣ ስለፈቀዱልኝ።

፪ኛ፦ ሲዲው በእርስዎም ኮምፒውተር ላይ ጥቁር ቢሆን፣ ምስሉ ሆን ተብሎ የተደበቀ ፊልም ነው ብለው ስላስቀሩት። ሊገልጠው የሚችለው ዲስኬት ከክንድዎ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አየሁት። «ዲስኬቱን ይክተቱት» ሳልልዎ እጅ ነስቼ ወጣሁ። ይህ ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም።

፫ኛ፦ ዐቢይ ጾም ገባ። ወጣ።

፬ኛ፦ በመጨረሻ ሁለቱንም ስለለቀቁልን። ከክፍልዎ የሚወጣ ዕቃ ሳይታሸግ ስለማይወጣ፣ ጸሐፊዎ ቀይ ሰም አቅልጠው፣ በፖስታው ላይ ሳይሆን በራሱ በዲስኬቱ ላይ፣ በምትንሸራተተው የብረት ክዳን ላይ አፍስሰው፣ ማኅተምዎን ስላሳረፉበት። ፕላስቲኩ ተጣሟል፤ ኮምፒውተሩ አይቀበለውም። ማኅተምዎ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል።

በሕግ አክባሪነትዎ ጥላ ሥር ለመኖር የታደለው አገልጋይዎ፣
ኢያቄም ገሠሠ
ላፍቶ፣ ሚያዝያ ፳፱ ቀን ፲፱፻፺፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ጓደኞቿ ሌላ ዲስኬት ልከዋል፤ ሰሞኑን እጅዎ ይገባል። እባክዎ አይቸኩሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን እጇን ይዤ መሥሪያ ቤቴ እወስዳታለሁ። ከኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጣለች። ውዳሴ ስትጠይቃት «አየሁሽ፣ ልጄ» ትላለች፤ ፊቷ ግን ወደ ግድግዳው ነው። በእርጋታ ይመርምሩት።