ለእማ የተገዛ የወር ፓኬጅ

እሑድ

«አትታዪኝም ሰሚ፣ ድምፅሽም ይቆራረጣል፤ ኔትወርኩ ነው» አልኳት። ፊቷ ግን ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። ሻሿ ላይ የሰካቻትን መርፌ ሳይቀር አያለሁ። አውራ ጣቴን ካሜራው ላይ ጭኜ፣ ከጓሮ እንሰቱ መሃል ቆሜ ነው የማወራት።

እማን ትናንት ቀበርናት። ጠዋት ደም ግፊቷ ተነሳ፣ ሆስፒታል አደረስናት፣ ከዙህር በፊት አበቃ። የዐስር ሶላት ሳይደርስ አፈር ለበሰች። እንዲህ ብዬ ስጽፈው የሌላ ሰው እናት ትመስለኛለች።

እህቴ ሰሚራ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። አልሰማችም። እንዳትሰማ ያሉት አጎታችን ሸምሱ ናቸው፣ የእማ ወንድም። ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ «አንዲት ልጅ በሰው አገር፣ በሰው ኩሽና፣ ብቻዋን ቆማ መርዶ አትሰማም። የሚይዛት ሰው ይገኝና ይነገራታል» አሉ። ሁሉም ልክ ነው አለ። እኔም አልኩ። አባታችን የሞተ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ገና ሳይነጋ ነበር በር ያንኳኩት፤ ሰሚራን ሦስት ሴቶች ይዘዋት እንኳ አልቻሏትም። እዚያ ማን ይይዛታል?

አንድ ሰው አለች። ዘሐራ የምትባል የሰፈራችን ልጅ እዚያው ከተማ ትሠራለች። የምትወጣው ግን ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነው። ስለዚህ እስከ ጁምዓ መዋሸት የኔ ሥራ ሆነ።

«ምንድነው የሚንጫጫው?» አለችኝ።

«ገበያ ነኝ።»

«እሑድ?»

«ሰሚ አይሰማም፣ ተቋረጠ» አልኩና ዘጋሁት። ከዚያ እንሰቱ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሰኞ

ሰሚራ ኔትወርክ የለም ሲሏት እሺ ብላ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ይህን እያወቅሁ ምን ነክቶኝ ነው ይህን ሰበብ የመረጥኩት?

ዛሬ ደውላ እንደ መርማሪ ጠየቀችኝ። የትኛው ሲም ነው? ስንት ጊጋ ቀረህ? ቤት ውስጥ ነው ወይስ ደጅ? ከዚያ ጠፋች። እዚያ ያሉትን የቡታጅራና የወልቂጤ ልጆች ስትጠይቅ ነው ለካ። ከሰዓት ረጅም የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ሁለቱን የቴሌኮም ድርጅቶች አወዳድራለች፤ በአጭሩ እንዲህ ነው፦

ነባሩ፦ ገጠር ድረስ ይገባል። ከተማ ውስጥ ግን አመሻሽ ላይ ሰው ሲበዛበት ይዝላል። የወሩ ውድ ነው።

አዲሱ፦ ከተማ ውስጥ ይፈጥናል፣ ቪዲዮ ቀጥ አያደርግም። ከአስፋልቱ ራቅ ካልክ የለም። የሳምንቱ ርካሽ ነው።

«ሁለቱንም ያዝ። ስልክህ ሁለት ሲም ይቀበል የለ? የእማ ፊት እንደ ጨርቅ ቁራጭ እየተበጣጠሰ ማየት ሰልችቶኛል» ትላለች መጨረሻ ላይ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዋጋ የሚገባኝ በሱሪ ነው። የአዲሱ የሳምንት ፓኬጅ ሁለት ሱሪ ማሳጠር ነው፣ የነባሩ ሦስት። እማ እያለች ይህን ሒሳብ በየሳምንቱ ነበር የምሠራው። የቱ ረክሶ የቱ ይሻላል እያልኩ ከካርድ ሻጩ ከተማም ጋር ሱቁ በር ላይ ቆሜ የተጨቃጨቅሁበት ቀን ብዙ ነው። ያኔ እንዲሠራ እጸልይ ነበር። አሁን እንዳይሠራ እየጸለይኩ ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

መልእክቱን ባለቤቴ ፋጡማም ሰማችው። ሻይ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና ወደ ለቀስተኞቹ ተመለሰች።

ማክሰኞ

ዛሬ ልሞት ነበር።

የአክስታችን ልጅ ሙባረክ ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። የእማን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ፣ ከሥሩ «ኢና ሊላሂ» ብሎ ጽፎ፣ የምታለቅስ ፊት ጨምሮበታል። ያየችው ፋጡማ ናት። ሮጣ መጥታ ስልኩን ሰጠችኝ።

ደወልኩለት። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም።» እንደገና። አይችሉም። ከፋጡማ ስልክ፣ ከአጎቴ ስልክ፣ ከጎረቤት ስልክ። አይችሉም። ሦስት ቀን ሙሉ ኔትወርኩን ያለ ጥፋቱ ሳማው ከርሜ፣ የቸገረኝ ቀን እውነት አድርጎት አረፈው! ብስቅ ወይ ባለቅስ እንደሚሻል አላውቅም። በመጨረሻ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛው ተገኘና ከክፍል ጠራልኝ።

«ለእናታችን ክብር ብዬ እኮ ነው» አለኝ ሙባረክ።

«ክብሯን በኋላ ታከብራለህ፤ አሁን አጥፋው!»

አጠፋው። ስንት ሰው እንዳየው አላህ ያውቃል። ሰሚራ ፌስቡክ የላትም፤ ጓደኞቿ ግን አላቸው። ዛሬ አልደወለችም። አለመደወሏ ከመደወሏ ብሶ አስጨነቀኝ።

ረቡዕ

ደወለች። ድምፅዋ ደህና ነው። አላየችም፤ አልሐምዱሊላህ።

አዲሱን ሲም አውጥቻለሁ። ካላወጣሁ የምትለቀኝ አይደለችም፤ ካርዱን ራሷ ከዚያ ሆና ሞልታልኛለች። ተማም ሱቅ ቆሜ አስገባሁት። እውነቷን ነው፣ ይፈጥናል። የኩሽናው ነጭ ሰድር፣ ከኋላዋ የተደረደረው ድስት፣ ከዐይኗ ሥር ያለው ጥቁረት፣ ሁሉም እንደ መስታወት ነው። በጣም ከስታለች። ይህን እሑድ አላስተዋልኩትም ነበር።

«አየህ? አላልኩህም?» ብላ ሳቀች። «በል እማን አቅርብልኝ።»

ኔትወርክ ማለት አልቻልኩም። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ እማ አየር ለመቀየር አረቅጥ፣ አክስታችን ዘንድ ሄዳለች።

«እዚያ ነባሩ ይሠራል። የራሷ ስልክ ግን ዝግ ነው የሚለኝ።»

የእማ ስልክ የኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መብራት የለም አልኳት። ባትሪ አልቆባት ይሆናል አልኳት። የአክስታችን ስልክ ተበላሽቷል አልኳት። ሦስት ውሸት ባንድ ትንፋሽ።

«እሺ» አለች።

ሰሚራ ሳትከራከር እሺ ያለችበትን ቀን አላስታውስም። ቢያስፈራኝም፣ አምናኝ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሐሙስ

ሱቄን ከፈትኩ። የአንድ መምህር ኮት ገበር እየሰፋሁ ሳለ መልእክት ገባ። ከውጭ አገር ቁጥር ስጦታ ተልኮልዎታል፤ ያልተገደበ ኢንተርኔት፣ ለአንድ ወር።

የአዲሱ የወር ያልተገደበ። ሰው ቤት ወለል ጠርጋ የምታገኘውን አንስታ፣ ከሁሉም የሚወደደውን ገዝታ ላከችልኝ። ለእማ። እማን በደንብ ለማየት።

ማሽኑን አቆምኩና ኮቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። መምህሩ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

ይህ ሳያንስ ዘሐራ ደወለች። እመቤቷ ጋ እንግዳ ይመጣል፣ ነገ መውጣቷ እርግጥ አይደለም። ሄጄ ለአጎቴ ነገርኳቸው። «ይጠበቃላ፣ እስከሚቀጥለው ጁምዓ» አሉ።

«ለእርስዎ ቀላል ነው! ስልክዎን ዘግተው ይተኛሉ። ዐይኗን እያየ የሚዋሻት እኔ ነኝ!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት፤ በእድሜዬ በሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

አላስቆጣቸውም። ከዘራቸውን ሲያሻሹ ቆዩና «እኔ ደግሞ እህቴ ናት የሞተችው፣ ከድር» አሉ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ጁምዓ

ዘሐራ ወጣች። እንዴት እንደወጣች አልጠየቅኋትም። ሁለት የአገራችን ልጆች ጨምራ፣ ታክሲ ይዛ ሄዳ፣ ሰሚራ የምትሠራበት ቤት ደርሳ አስፈቅዳ ገባች። እኔ ከመስጊድ ወጥቼ ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ስልኩን እንደ ትኩስ ካውያ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ከሩቅ አየዋለሁ።

መልእክት ገባ፦ «ነግረናታል። ይዘናታል።»

ብዙ ሳይቆይ ሰሚራ ራሷ ደወለች፣ በቪዲዮ። ሁለት እጅ ከግራ፣ አንድ እጅ ከቀኝ ትከሻዋን ይዟል። ሻሿ ወድቋል። ምስሉ አንዴም አልተንቀጠቀጠም፣ ድምፁ አንዴም አልተቆራረጠም፤ ለቅሶዋ ከነትንፋሹ መጣ። ቢቆራረጥ ምናለ አልኩ።

«ሰሚዬ» አልኳት።

«አንተ እማን ቀብረህ መጣህ» አለችኝ። «እኔ እዚህ ፓኬጅ እመርጣለሁ።»

ዘጋችው። ራሷ ናት የዘጋችው። መልሼ ብደውል አላነሳችም፣ ደግሜ ደወልኩ፣ አላነሳችም። አጎቴ «ያስለቀሳት ይውጣላት» አሉኝ። ምግብ አልወረደልኝም።

ቅዳሜ

ጠዋት ጻፍኩላት፤ አየችው፣ አልመለሰችም። እንደገና ጻፍኩ። እንደዚያው። ሥራ እምቢ አለኝ፤ የአንዱን ሰው ኪስ ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁት።

የዙህር አዛን ካለ በኋላ ደወለች። በድምፅ ብቻ። ድምፅዋ ጎርንኖ የሴት አይመስልም። እማን ለቀብር ማን እንዳጠባት ጠየቀችኝ። ፋጡማና አክስታችን አልኳት። አሟት ነበር ወይ፣ ተሰቃየች ወይ፣ ስሜን ጠራች ወይ አለችኝ። ሳትሰቃይ ሄደች። ስሟን አልጠራችም፤ የማንንም አልጠራችም፣ ምላሷ ቀድሞ ነው የተያዘው። እንደዚያው ነገርኳት። ውሸት በቃኝ።

ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ረቡዕ ገብቶኝ ነበር።»

ፎቶውን አይታ መስሎኝ ደነገጥኩ። አይደለም። አረቅጥ የሚለው ስላልተዋጠላት፣ አረቅጥ ተወልዳ ያደገች ልጅ ፈልጋ ቤተሰቦቿ ዘንድ አስደውላ ነበር። መብራትም ኔትወርክም አለ አሏት። እማን ግን ማንም አላያትም።

«ታዲያ የወሩን ለምን ገዛሽ?» አልኳት። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ አመለጠኝ።

«መጀመሪያ የሳምንቱን ልገዛ ነበር» አለች። «ከዚያ እጄ እምቢ አለኝ። የሳምንቱን ከገዛሁ መሞቷን አምኛለሁ ማለት ነው። የወሩን ስገዛ፣ ወር ሙሉ አለች ማለት ነው።»

ባንድ ላይ አለቀስን፤ እስካሁን ለየብቻ ነበር የምናለቅሰው። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። አልጠየቅኋትም።

ከመዝጋቷ በፊት «ነገ አሳየኝ» አለች። ምኑን እንደሆነ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅሁ።

እሑድ

መቃብሩ ከአስፋልቱ ወዲያ ነው፤ ባጃጁ ግማሽ መንገድ አደረሰኝና የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። እዚያ ስደርስ አዲሱ ጨርሶ የለም። ወሩ ሙሉ ተከፍሎበት አንድ መስመር እንኳ አያሳይም። ወደ ነባሩ ቀየርኩ፣ የዕለት ፓኬጅ ገዛሁ፣ ደወልኩ።

አነሳች። ዘሐራ አጠገቧ የለችም፣ ብቻዋን ናት፤ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። ካሜራውን አዙሬ መጀመሪያ መንገዱን አሳየኋት፣ ቀጥሎ ባሕር ዛፎቹን። ምስሉ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። ከዚያ ቀይ አፈሩን አሳየኋት፣ ራስጌዋ ላይ ያቆምነውን ድንጋይ። እዚያ ላይ ምስሉ ቀጥ አለ።

«ቆመብሽ አይደል?» አልኳት። «ቆይ ዘግቼ ልደውልልሽ።»

«ተው!» አለች። ድምፅዋ ይሰማል። «ተው፣ አትንካው። እሷ ላይ ነው የቆመው። እንዲህ ይቁምልኝ።»

ተውኩት። ቀስ ብላ ፋቲሓ መቅራት ጀመረች፤ መሃል ላይ ድምፅዋ ይሰበራል፣ ትመለስበታለች። እሷ ጋ ያለው ምስል እንደሆነ አይነቃነቅም፤ እኔ ስልኩን ባወርደውም አታውቅም። ክንዴ ሲዝል ወደ ሌላኛው እጄ አዛወርኩትና ቀጥ አድርጌ ያዝኩላት።