በዘፈኑ ውስጥ የነበረው ስም

እሁድ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ናዝሬት

ዛሬም ልብስ ሳጥብ የዳንኤልን ዘፈን አንጎራጎርኩ። ዜማው የጀርመን ባላገሮች ነው፤ ኩየራ ስንማር ፈረንጁ አስተማሪያችን ያስጠናን። አብሮኝ ይማር የነበረው ዳንኤል ነው አማርኛ ግጥም ገጥሞለት ስሜን ያስገባበት። እሱ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ግጥሙን ከዳንኤል የተቀበለው ዘፋኝ ደግሞ «ሩት»ን አውጥቶ «ሰናይት»ን ተካበትና በካሴት አወጣው፤ አሁን አውቶቡስ ተራው ሁሉ ሰናይት፣ ሰናይት ይላል።

እኔ እንደ ድሮው በራሴ ስም ስዘፍነው ጎረቤቴ እትዬ ፋጡማ ከአጥሩ ማዶ ሰሙኝ።

«አይ ሩትዬ! የራስሽን ስም ከተትሽበት? ሰናይት እኮ ነው የሚለው!» ብለው ሳቁብኝ።

«ተሳሳትኩ፣ እትዬ» አልኳቸው።

እሳቸው ከገቡ በኋላም ስሜን መልሼ ማስገባት አቃተኝ።