ከሰፈሩ አፍ ያስጣልኩት ስም

ልጄ ዲራን፣ ያለህበት አገር ብርዱ ይራራልህ፣ በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው አይጥፋብህ። ዝናቡ ዘንድሮ መልካም ነው፤ የአባትህም ጉልበት ተሽሎታል። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ሚስትህ እያለቀችብኝ ነው።

መንታዎቹ በስምንት ወራቸው ሆዷ ውስጥ ከሞቱ ይኸው አንድ ወር ሊሞላ ነው። ጡቷ ወተት ይዞ ልብሷን ያርሰዋል። እሷ ግን አትናገር፣ አትበላ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። መንታ ማርገዟ ከታወቀ ጀምሮ ሰፈሩ ስሟን ትቶ «ኢያ ኢቤጂ»፣ የመንታ እናት፣ ይላት አልነበር? ቁስሏን እንዳይነኩባት ብዬ በየቤቱ ዞሬ «ከእንግዲህ ሞሬኒኬ በሏት» አልኩ።

ትናንት የተቀቀለ ቦሎቄ ሻጯ ሙሊካት ረስታው በበሩ አንገቷን አስግጋ «ኢያ ኢቤጂ! ዛሬስ ቦሎቄ አትወስጂም?» አለች።

«አፍሽን ይቁረጠው!» ብዬ ተነሳሁባት።

ሞሬኒኬ ግን ከግድግዳው ዞረች። «አቤት» አለች። ከዚያ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ሲወጣላት ሁለት ማንኪያ ቦሎቄ ቀመሰች።

ለካ ልጆቿን ዳግም የቀበርኩባት እኔው ነኝ!

አንተም የምትላት ጠፍቶህ መደወል እንደተውክ አውቃለሁ። ብዙ ቃል አያስፈልግም ልጄ። እባክህ፣ ደውልና በዚያ ስም ብቻ ጥራት።

አምላክ አንደበትህን ይፍታልህ፣ የመንታዎቹ አባት።

እናትህ